የአራተኛው ደብዳቤ አድማጮች

ትናንት ሊነጋጋ ሲል ዘርጋ ሮም በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሕልም አየ።

ከአገሩ ከእምድብር ለመንፈሳዊ ጉዞ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ የሮማው ጳጳስ ታመው አረፉ። እናቱ እትዬ ትርፌ ሲሸኙት «ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ» ብለውት ነበርና ስለ ጳጳሱ ሕመም፣ ስለ ቀብራቸው፣ ስለ ተተኪያቸው ምርጫ መዘግየት ሦስት ደብዳቤ ላከላቸው። መልሱን የጻፈው ወንድሙ ነው፤ «እማዬ ደህና ናት» ይላል። አዲሱ ጳጳስ ሲመረጡ ስማቸውን በአራተኛው ደብዳቤ ጽፎ፣ ፖስታውን አሽጎ ትራሱ ሥር አድርጎ ተኛ።

በሕልሙ ሕዝቡ ተቆልፎበት ይመርጣል፤ መራጮቹ ካርዲናሎች ደግሞ አደባባይ ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆሎ እየቆረጠሙ ይጠብቃሉ። ምርጫውን የሚያበስረው ጭስ ከሰማይ ወርዶ ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። የበሩ ዘበኛ ዘርጋን አስቆመው።

«መታወቂያዬን ላሳይህ?» አለው ዘበኛው።

«አሳየኝ።»

«እንግዲያው አስገባኝ!»

ተያይዘው ገቡ። ውስጡ የእናቱ ቤት ነበር። እትዬ ትርፌ እንሰት ይፍቃሉ፤ የሞቱት ጳጳስ ምሰሶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የዘርጋን ደብዳቤ ያነቡላቸዋል፣ ያውም በአማርኛ። ካርዲናሎቹ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

«እማማ፣ ማንን እንምረጥ?»

«ቆዩኝማ! ደብዳቤ እየተነበበልኝ ነው።»

ጳጳሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀብሬን አሳምረህ ጽፈሃል። ዝናቡን ግን ረሳኸው።»

«ልጄን አይውቀሱብኝ» አሉ እናቱ። ከዚያም ወደ እሱ ዞረው፣ «ዘርግዬ፣ ማን ተተካ? ሳልሰማ መጣሁ እኮ። አባታችንን ብጠይቃቸው እሳቸውም አያውቁም።»

«ምን ላድርግ፣ ቀድሜ ወጣሁ» አሉ ጳጳሱ አፍረው።

ዘርጋ ደብዳቤውን ሊያወጣ ትራሱ ሥር እጁን ሲሰድ በሩ ተንኳኳ፤ ነቃ።

ከፈተ። የሐበሾቹ ቄስ አባ ሠርጸና ሁለት ያገሩ ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሽማግሌ ነው። ወንድሙ ለምን «ደህና ናት» እንዳለ ያኔ ገባው።

«ልጄ፣ እስቲ ተቀመጥ» አሉ አባ ሠርጸ። «እናትህ...»

«አባ፣ ትንሽ ይቆዩኝ።»

እንባው እየወረደ ፖስታውን ቀደደና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ እናቱም የሞቱት ጳጳስም እንዲሰሙት።