ሰላምታ የማይመልሰው መምህር

የሰለጠነ ዕቃ ሁሉ ባለጌ ነው። አትቆጡኝ፤ ካላመናችሁኝ የከሚሴን ሽማግሌዎች ጠይቁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን ከአዲስ አበባ ራዲዮ ተላከ። የጂኦግራፊ ትምህርት ከእንግዲህ በአየር ይመጣል ተባለ። ራዲዮው ክፍላችን ውስጥ ተቀምጦ ሽቦው ግቢ ካለው ግራር ላይ ታሰረ፤ ዲሬክተራችንም ወላጆች መጥተው እንዲያዩ ጠሩ። እኛ አገር ደግሞ ያለ ዱዓ የሚጀመር ነገር የለም፤ ሼህ ሁሴንም ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው መጡ።

አባቴ ይመርም መጣ። አባቴ ከብት ነጋዴ ነው፤ በሰንበቴ ገበያ ያልመረመረው በሬ የለም። ሰሞኑን ግን የሚመረምረው የኔን ነገር ነበር። የጂኦግራፊ መምህራችን ወንደላጤ ነው፣ ሲያስተምር ዓይኑ ወደ ሴቶቹ ይሄዳል የሚል ወሬ ደርሶታል። (ሴቶቹ ማለት እኔ ነኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረችም።) የዛሬውን አይቶ ካልወደደው ከነገ ጀምሮ ቤት ልቀመጥ ነው። ቤት የተቀመጠች ልጅ ዘንድ ደግሞ ማን እንደሚላክ ታውቃላችሁ... በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌ!

ሼህ ሁሴን ዱዓውን ጀመሩ። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ ለመንገደኛው... እኛም አሚን፣ አሚን። ዲሬክተሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ራዲዮው የዱዓውን ማለቅ ሳይጠብቅ ገባበት፦

«እንደምን አደራችሁ ልጆች?»

ብሎም ዝም አለ። ዝም የሚለው እኛ ተማሪዎቹ እንድንመልስ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተሽቀዳደሙን። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አልሐምዱሊላህ አሉት፤ አንተስ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ከብቱስ፣ በእናንተ አገር ዝናቡ እንዴት ነው...

«በጣም ጥሩ» አለ ራዲዮው። «ዛሬ ስለ ወንዞች እንማራለን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሼህ ሁሴን ደግ ሰው ናቸው፤ ቋንቋው ይሆናል ብለው ጠጋ አሉና በኦሮምኛ «አካም ቡልተ?» አሉት። አዋሽ ከየት እንደሚነሳ ነገራቸው።

አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። «ነይ እንሂድ» አለኝ። «ሰላምታ የማይመልስ ሰው ምን ሊያስተምርሽ ነው?»

ዲሬክተሩ ላባቸውን ጠረጉ። «ጋሽ ይመር፣ ሰውየው ያለው አዲስ አበባ ነው። እኛን አይሰማም።»

«የማይሰማ ከሆነ ለምን ይጠይቃል?»

 እውነቱን ለመናገር ለዚህ እኔም እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ግን እግሬ በሩን ሊያልፍ አንድ እርምጃ ሲቀረው አፌ ቀደመኝ።

«አባ፣ ማየትም እኮ አይችልም።»

ቆመ። «አያይም?»

«ዓይን የለውማ።»

ተመለሰ። ራዲዮውን በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞረው፤ ጎኑን መታ መታ አደረገ፣ ጀርባውን አየ፣ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ጣቱን ሰደደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺንስ?» አለኝ።

«እኔንም።»

ጋቢውን ዘርግቶ ተቀመጠ። «ባለጌ ነው እንጂ ደህና መምህር ነው» አለ። ዲሬክተሩንም ሽማግሌ እያየ ቃል አስገባቸው፦ ጂኦግራፊን ከዚህ ሌላ ማንም እንዳያስተምረኝ።

የራዲዮው ባትሪ በሁለተኛው ወር ሞተ። ሌላ ይላክልን ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ደብዳቤያችሁ ደርሶናል የሚል ደብዳቤ መጣ። ወንደላጤው መምህር ወደ ጠመኔው ተመለሰ። (የሚያየው እኔን ሳይሆን የእጅ ሰዓቱን ነበር። ትንሽም ከፍቶኛል።) አባቴ ግን ማታ ማታ «ሰውየው ዛሬስ ሰላምታ መለሰ?» ይለኛል። «አልመለሰም» እለዋለሁ። ይኸ ውሸት ነው? አይደለም።

ዘንድሮ እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ይህ ጽሑፍ አባቴ እጅ ቢገባስ ብላችሁ እንዳትሰጉልኝ። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ጋዜጣ የማነብለት እኔ ነኝ።