ጫማዬን የሚደብቅብኝ አጣሁ

ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ጫማውን ካወለቀበት አግኝቶ በሰላም ከወጣ፣ አንድ ነገር እወቁ... ያ ሰው በዚያ ቤት የሚወደው የለም! «ምን ማለትህ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ሐይቅ ከተማ፣ እኔ ቤት ጎራ በሉና ጫማችሁን በር ላይ አውልቃችሁ ሞክሩት።

ሐሊማ ወደ ቤታችን የመጣችው በጦርነቱ ጊዜ፣ ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቶቻችንን ከሞላ በኋላ ነው። ዕድሜዋ ዘጠኝ ገደማ ይሆናል። ዳውን ሲንድረም የሚሉት ተፈጥሮ ያላት ልጅ ነች፤ ቃል ትቆጥባለች፣ ሳቅ ግን አትቆጥብም። መጠለያው ውስጥ አብረዋት የነበሩት ሰዎች እየተነሡ ወደየዘመዶቻቸው ሲሄዱ እሷ ብቻዋን ቀረች። ባለቤቴ ዘይነባ አንድ ቀን ለተፈናቃዮቹ ቆሎ ይዛ ሄደችና ሐሊማን ይዛ ተመለሰች። እኔማ ቆሎው በልጅ የተለወጠ መስሎኝ ነበር! የወረዳ ሰዎች «ለሦስት ወር የአደራ ቤተሰብ ሁኗት፤ ከዚያ መጥተን አይተን እንወስናለን» አሉን። ካልተስማማን ሐሊማ ሩቅ አገር ወዳለ ማሳደጊያ ልትወሰድ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጫማ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ የጎረቤታችን የመሪጌታ ጥቁር ኮንጎ ጠፍቶ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ተገኘ። ቀጥሎ ሊጠይቁን የመጡት የሼህ እንድሪስ ሸበጥ ተሰወረ። ከሁለት ቀን ፍለጋ በኋላ ዶሮዋ ታቅፋው አገኘናት! ሼሁ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ «አብሽሩ፣ ከፈለፈለችው አንድ ጥንድ ለኔ!» አሉ።

ምስጢሩን የደረሰችበት ዘይነባ ነች። «የምትደብቀው የምትወደውን ሰው ጫማ ብቻ ነው» አለችኝ።

«የኔስ?»

ዘይነባ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

የኔን ነክታው አታውቅም... አይ፣ መንካትስ ትነካዋለች! እኔ የማስተምረው ውጫሌ ነው፤ ጧት በሚኒባስ ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ሐሊማ በማለዳ ተነሥታ ጫማዬን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውልና አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ ታስቀምጥልኛለች። ከዚያ «ሂድ!» ትለኛለች። በገዛ ቤቴ! ዓሣ ይዞልን የሚመጣው ሰውዬ ጫማ እንኳ፣ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሸተው፣ ከትራሷ ሥር ተገኝቷል። ቀናሁ። አዎ፣ በዓሣ ነጋዴ ጫማ ቀናሁ! ከውጫሌ ሸንኮራ አገዳ አመጣሁላት። ጫማዬን ሆን ብዬ መንገዷ ላይ ጣልኩላት። ሸንኮራዋን እየመጠመጠች ወለወለችልኝ።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ከወረዳ የመጡት ባለሙያ ወይዘሮ አልማዝ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«ልጅቷ ከአባወራው ጋር ያላት ቅርበት እንዴት ነው?»

«ውይ! እኛ መለያየትም አንችል!» አልኩ።

አፌን ሳልዘጋ ሐሊማ ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አደረገችው፤ አፍንጫው ወደ በሩ። «ሂድ!»

«ያረቢ!» አለች ዘይነባ በሹክሹክታ።

ወይዘሮ አልማዝ አንድ ነገር ጻፉ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ሁሉ ቀልድ ነበር፤ አሁን ግን ልጅቷ ልትወሰድብኝ እንደሆነ ገባኝ። ሴትዮዋ «እስቲ እናያለን» ብለው ተነሡ፤ ፊታቸው አልፈታ አለ። በሩ ጋ ሲደርሱ... ጫማቸው የለም!

ቤቱ ታመሰ። ዱቄት ዕቃው ተፈተሸ፣ ዶሮዋ ከነክብሯ ተነሣች፣ ትራሱ ተገለበጠ። የለም። ሐሊማ እጇን አጣጥፋ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ከማን እንደተማረችው ታውቃላችሁ።

«መኪና እየጠበቀኝ ነው፤ የእርስዎን አድርጌ ልሂድና ነገ እልካለሁ» አሉኝ ወይዘሮ አልማዝ። ታንኳ የሚያክለውን ጫማዬን አጥልቀው ሁለት ርምጃ እንደሄዱ ሐሊማ ጮኸች።

«የአብዬ ነው!»

አብዬ ብላኝ አታውቅም ነበር። ወደ ጓሮ ሮጣ ከውኃ በርሜሉ ውስጥ የሴትዮዋን ጫማ እያንጠባጠበች አመጣች። ከዚያ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ የኔን አንድ በአንድ ከእግራቸው አወለቀች።

ወይዘሮ አልማዝ ጎንበስ አሉ። «የኔን ደብቀሽ የሱን የከለከልሽኝ ለምንድነው?»

«አንቺ ትሄጃለሽ» አለች ሐሊማ። «ሁሉም ይሄዳል።» ጫማዬን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «አብዬ ይሄዳል... ማታ ይመጣል።»

ዘይነባ ወደ ጓዳ ሸሸች። እኔ አለቀስኩ፤ ምን እዋሻችኋለሁ! ወይዘሮ አልማዝ እዚያው ቆመው ፈረሙና ጫማቸው በየርምጃው ውኃ እየተፋ ሄዱ።

ሐሊማ የኛ ሆነች። አሁን የቸገረኝ ቅዳሜና እሑድ ነው። ጧት ጫማዬ ተወልውሎ ይቀርባል።

«ሂድ!»

«ሐሊማዬ፣ ዛሬ እኮ እረፍት ነው።»

«ሂድ... ና!»

ምን አማራጭ አለኝ? እወጣና ቤቱን ዞሬ እገባለሁ። እሷም ከዓመት በኋላ እንደመጣሁ ሁሉ እያጨበጨበች ትቀበለኝና ትንሽ ቆይታ «ሂድ!» ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ በዘጠነኛው ዙር ላይ መሪጌታ በአጥሩ ብቅ ብለው «ምነው መምህር፣ ደኅና ነህ?» አሉኝ።

እናንተም በሐይቅ ስታልፉ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ጎልማሳ የገዛ ቤቱን ሲዞር ካያችሁ፣ ጠበል ውሰዱት፣ ዱዓ አድርጉለት እንዳትሉ። አላበደም። ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው።