ድምፅን እኩል የማድረስ ዕቅድ

በደብረ ታቦር ከተማ ብዙ ታላላቅ ሥራዎች ተጀምረዋል፤ ከነዚህም ውስጥ የተጠናቀቁ እንዳሉ ይነገራል። ከሁሉ ግን በጥናቱ ጥልቀትና በተሳታፊዎቹ ድካም ወደር ያልተገኘለት፣ አቶ አገኘሁ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ ያካሄደው ድምፅን እኩል የማድረስ ሥራ ነው። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ትውልድ ይወቅሰናል። ባይወቅሰንም እንጽፈዋለን።

አቶ አገኘሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ቡድን መሪ ነው። በአሥራ አራት ዓመት አገልግሎቱ ያላቀደው ነገር የለም። እርግጥ በመሥሪያ ቤቱ ከተፈጸመው ነገር ውስጥ እሱ ያላቀደው ይበዛል፤ ይህ ግን የአፈጻጸም ችግር ነው እንጂ የዕቅድ ችግር አይደለም።

ነገሩ የተነሣው ከበኩር ልጁ ከሕሊና ነው። ሕሊና በእርሻ ምርምር ላይ ተሰማርታ የድንች በሽታ ታጠናለች። አንድ ማታ ደወለችለትና «አባዬ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ በቴሌቪዥን እቀርባለሁ። ስለ ጉና ድንች ነው የምናገረው። አያቴም ይስሙኝ፤ አንተም እንዳያመልጥህ፤ የምለው ነገር አለኝ» አለችው። አቶ አገኘሁ ስልኩን ሲዘጋ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ይህን ያየችው ሚስቱ እመቤት ብቻ ናት፤ እሷም ለማንም አልተናገረችበትም።

ሌላ አባት ቢሆን በቀጠሮው ቀን ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ይቀመጥ ነበር። አቶ አገኘሁ ግን የልጁ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ባለች ጣት በማታህል ማጉያ ተጨምቆ እንዲወጣ ሆዱ አልቻለም። አማቱ አያ ሙላቴም ጆሯቸው ከብዷል ይባላል። ስለዚህ ባሕር ዳር ወርዶ ሳሎንን ሲኒማ ቤት የሚያደርግ ዕቃ ይዞ ተመለሰ፤ አምስት ትናንሽ ስፒከሮችና ጎርናናውን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትልቅ ሣጥን። ሣጥኑ በሚኒባሱ ውስጥ ሙሉ ወንበር ይዞ ነው የመጣው። ሐሙሲት ላይ ሁለት ዶሮ ታቅፋ የተሳፈረች ሴት «ኧረ ትንሽ ጠጋ አድርግልኝ» ብትለው፣ አቶ አገኘሁ «እሱ የሚጠጋ ዕቃ አይደለም» ሲል በክብር መለሰላት። ሴትዮዋ ከነዶሮዎቿ እስከ ደብረ ታቦር ቆማ መጣች።

ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ጎረቤቱ አዳነ ተገኘ። አዳነ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር ቅን ወጣት ነው፤ ጥፋቱም የተጀመረው በእሱ ቅንነት ነው።

«ጋሼ አገኘሁ፣» አለ አዳነ፣ «ድምፅ አንዷን ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እርስዎ ከሚቀመጡበት ወንበር አንዱ ስፒከር አንድ ሜትር፣ ሌላው አራት ሜትር ቢርቅ፣ የቅርቡ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ርቀቱን ይለኩና ቅርቡን ትንሽ ያዘገዩታል። ሩቁን ይጠብቀዋል፤ እኩል ይደርሳሉ።»

«ቅርብ ያለው እንዲዘገይ ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ሆን ተብሎ?»

«ሆን ተብሎ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሆነው የእያንዳንዱን መጠን ያስተካክላሉ። ማሽኑ ‹ሽሽሽ› የሚል መሞከሪያ ድምፅ አለው፤ በስልክዎ እየለኩ ሁሉም እኩል እስኪሆኑ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

አቶ አገኘሁ ግማሽ ሰዓት የምትለዋን አልሰማትም። ማዘግየት የምትለዋ ግን ልቡ ውስጥ ገባች። ለካ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ባለጉዳይን «ነገ ይምጡ» ሲል የኖረው በሳይንስ የተደገፈ ሥራ ኖሯል! ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር የሚኖረው ባለጉዳይ እንዲጠብቅ የተደረገው ከእብናት የሚመጣው እስኪደርስ ነበር። ከእብናት የመጣው ደግሞ ለምን እንደተመለሰ ሳይንሱ ገና አልደረሰበትም።

በማግስቱ ሳሎኑ በር ላይ «የድምፅ እኩል ተደራሽነት የትግበራ ዕቅድ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከሥሩ ባለድርሻ አካላት ተዘርዝረዋል። እመቤት መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ አነበበችው።

«ባለድርሻ አካል የተባልኩት እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ድርሻዬ ምንድን ነው?»

«ወንበሩን አለመንካት።»

ወንበሩ ማለት በላይኛው ግድግዳ በኩል ያለው፣ ለታላቅ ሰው የሚለቀቀው ወንበር ነው። የዕለቱ ዋና አድማጭ አያ ሙላቴ ስለሆኑና አያ ሙላቴም ከዚያ ሌላ የትም ሊቀመጡ ስለማይገባ፣ ርቀቱ ሁሉ ከዚያ እንዲለካ አቅጣጫ ተቀመጠ። የወንበሩ አራት እግሮች በጠመኔ ተከበቡ። እመቤት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ፈንጂ እንደተቀበረበት ቦታ ዙሪያውን እየጠረገች አለፈች። አዳነ በግማሽ ሰዓት ያለቃል ያለው ሥራ በአሥራ አንደኛው ቀን ርቀቱን አጠናቆ፣ የመጠኑን ማስተካከያ ለቀጠሮው ቀን አሸጋገረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አቶ አገኘሁ ምንም አላፈሰሰም።

እሑድ ደረሰ። አያ ሙላቴ ከጉና ሥር ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ እስከ መኪናው መንገድ በእግር ወርደው፣ ስድስት ሰዓት ላይ ግማሽ ጆንያ ድንች አሸክመው ገቡ። ለአንድ የልጅ ልጅ ድምፅ የተደረገ ጉዞ ነው። በሩን እንዳለፉ ዘንጋቸውን አስደግፈው ከመዝጊያው ጎን ካለችው አጭር የእንጨት መቀመጫ፣ ከዱካዋ ላይ ቁጭ አሉ። የደጋ ሰው ነውር ያውቃል፤ በአማቹ ቤት ወደ ላይኛው ወንበር ዘሎ አይሄድም።

«አያ ሙላቴ፣ ወደ ላይ ይለፉ እንጂ!» አለ አቶ አገኘሁ።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ኧረ በሞቴ!»

«አትሙትብኝ። እዚሁ ነው የምቀመጥ።»

በሌላ ቤት ይህ ክርክር በሦስተኛው ልመና ይበርዳል፤ እንግዳው «እሺ እንግዲህ» ብሎ ይነሣል። አያ ሙላቴም ሦስተኛዋን እየጠበቁ ነበር፤ ወገባቸውን ከዱካው ላይ ትንሽ ከፍ እንዳደረጉ እመቤት አይታለች። አቶ አገኘሁ ግን ሦስተኛዋን አልለመነም። የዕቅድ ሰው ነውና ተለዋዋጭ ሁኔታን በተለዋዋጭ አሠራር መቋቋም እንዳለበት ያውቃል። ሜትሩን አወጣና የብረት ጫፉን በአያ ሙላቴ ጆሮ ላይ አስደግፎ ወደ መጀመሪያው ስፒከር ገመዱን ዘረጋ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አሉ አያ ሙላቴ።

«ልለካዎ ነው።»

«መሬቴን ሲለኩ ዝም ብያለሁ። ጆሮ ሲለካ ግን ገና ዛሬ አየሁ። ካርታ ትሰጠኛለህ?»

ሁሉም ርቀት እንደገና ተለካ፤ ሁሉም መዘግየት እንደገና ተሞላ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ አቶ አገኘሁ ላቡን ጠርጎ ቀና ሲል የቤቱ የንስሐ አባት መምሬ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው በበሩ ገቡ።

«ኖር!» አለ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ አትነሡ።»

ይህ ከተባለ በኋላ የተቀመጠ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። አያ ሙላቴ መስቀል ተሳለሙ፤ መምሬን እየገፉ ላይኛው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። መምሬ ደግሞ «እርስዎ በር ሥር ተጥለው እኔ እዚህ ልቀመጥ?» ብለው አያ ሙላቴን በእጃቸው ጎትተው አጠገባቸው ካለው ሶፋ ላይ አሳረፏቸው። ሁሉም ደግ ሥራ ሠራ፤ ሁሉም ተመሰጋገነ። ልኬቱ በሩ ሥር፣ ጆሮው ሶፋው ላይ ቀረ።

አቶ አገኘሁ ሜትሩን ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋ።

ሩብ ጉዳይ ለስምንት ላይ ርቀቱ አለቀ። እመቤት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በል ክፈተው» ስትል ስፒከሮቹ በየተራ ‹ሽሽሽሽ› ማለት ጀመሩ።

«ምንድን ነው? ዝናብ መጣ?» አሉ መምሬ ወደ መስኮቱ እያዩ።

«መሞከሪያ ነው፤ መጠኑን እያስተካከልኩ ነው።»

በዚህ መሐል ግድግዳ የምትጋራቸው ባለ ሱቋ ወይዘሮ ጌጤ አንገቷን አስገባች። «ልጅቷ ልትቀርብ ነው፤ እናንተ ምንድን ነው የምትጠብሱት?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

«አንተ ሰው፣ ሰዓቱ ደርሷል!» አለች እመቤት። «ያንን ጩኸት አጥፋና ቴሌቪዥኑን ክፈት።»

«የኋላው ግራ በሁለት ዴሲቤል ይበልጣል። ልጄ በተዛባ ድምፅ አትሰማም።»

«ጨርሶ ባትሰማሳ?»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አምስት ደቂቃ!»

መምሬ ሳል ይዟቸዋል። ባሳሉ ቁጥር የስልኩ ቁጥር ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር አቶ አገኘሁ ከመጀመሪያው ስፒከር ይጀምራል። በሦስተኛው ሳል ላይ እጁን ወደ ላይ አነሣና በስብሰባ አመራር ድምፅ «የተከበራችሁ ባለድርሻ አካላት፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ባትተነፍሱ» አለ።

እመቤት ባሏን አየችው። ከዚያ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ «ይነሡ አባባ» አለቻቸው። መምሬም መስቀላቸውን አንሥተው ተከተሉ። በሩ በቀስታ ተዘጋ።

አቶ አገኘሁ ጀርባውን ሰጥቶ የስልኩን መስታወት እያየ ነበርና የተረዳው ነገር የመለኪያው ሁኔታ መሻሻሉን ብቻ ነው። የሚያስል የለም፤ የሚያንኮሻኩሽ የለም፤ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አያችሁ ስንግባባ?» አለ ዞር ሳይል። በአገልግሎት ዘመኑ እንዲህ ተቃውሞ የሌለበት ስብሰባ መርቶ አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሥራው ተጠናቀቀ። ስድስቱም እኩል ሆኑ፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አንዱ ከሌላው አይቀድምም። አቶ አገኘሁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ ማን እንደለቀቀለት ሳይጠይቅ የሶፋው ጥግ ላይ፣ የአያ ሙላቴ ጆሮ በነበረበት ቦታ ጆሮውን አስተካክሎ ተቀመጠና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። እውነትም ድምፁ ተአምር ነበር። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ በአንዲት ቅጽበት የመጣ የሴት ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ሰውነቱን ነዘረው። ሴትየዋ ሳሙና እያስተዋወቀች ነበር።

«ሰማችሁ?» ብሎ ዞረ። ከእሱ በቀር ሶፋው ባዶ ነው፤ ወንበሩም ባዶ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሰበብ ቢፈልግ መብራት እንኳ በዚያ ቀን አልጠፋም፤ በየሁለት ቀኑ የሚጠፋው መብራት ያን እሑድ ቀጥ ብሎ ዋለ።

ሰዎቹ ከወይዘሮ ጌጤ ሱቅ ተመለሱ። የጌጤ ቴሌቪዥን ከስኳሩ ጆንያ በላይ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለች አሮጌ ነገር ናት፤ ድምፅ የሚወጣባት አንዲት የተቀደደች ማጉያ አለቻት። አያ ሙላቴ ጆንያው ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን እሷ ላይ ለጥፈው ነበር። ጋቢያቸው ስኳር ነክቶታል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አለፈ እንዴ?» አለ አቶ አገኘሁ።

«አለፈ።»

«ምን አለች?»

«አባባ ይንገሩህ» አለች እመቤት። አያ ሙላቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙና ቃል በቃል ነገሩት።

«ሰውዬው ‹እዚህ ያደረሰሽ ማን ነው?› ብሎ ጠየቃት። ‹አባቴ አገኘሁ ነው› አለች። ‹ልጅ ሆኜ ስለ ቅጠል ስለ ትል ስቀባጥር፣ ሰው ሁሉ ዝም በይ ሲለኝ፣ የያዘውን ሥራ ጥሎ የሚያዳምጠኝ እሱ ነበር። አሁንም እያዳመጠኝ ነው› አለች። ከዚያ ወዳንተ እጇን አወዛወዘች።»

አቶ አገኘሁ ቁጭ አለ። ሜትሩ ከእጁ ወድቆ እየተጠቀለለ ወደ ቆርቆሮው ገባ። እውነቱን ለመናገር አንጀት ይበላ ነበር፤ የሚያሾፉበትም በዚያች ሰዓት አላሾፉበትም።

ስልኩ ጮኸ። ሕሊና ናት።

«አባዬ! ሰማኸኝ?»

በዚህ ቅጽበት አቶ አገኘሁ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን አሥራ አራት ዓመት ያልተፈጸመውን ተፈጽሟል እያለ ሪፖርት ያቀረበ አፍ በአንድ ቀን አይመለስም።

«ሰማሁሽ እንጂ ልጄ! ጥርት ብሎ፣ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል። አንድም ቃል አላመለጠኝም።»

«የመጨረሻዋንም?»

አቶ አገኘሁ መልሱን አዘገየ። ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሆነ የለካው የለም።

«የመጨረሻዋንም» አለ።

እመቤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መምሬ ሳላቸውን ዋጡት። አያ ሙላቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተመልሰው በሩ ሥር ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጡና፣

«እንዲያው በዚህ ቤት ጆሮው ከበደ የሚባል እኔ ነኝ?» አሉ።