ሩስኮ ዝም አለ

በየመንደሩ የሰውን ውሻ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። በካይኑ ጫካ ዳር ባለችው መንደራችን ይህን ሹመት ማንም ሳይሾማቸው የያዙት ክቡር ኡርፖ ኬምፓይነን ነበሩ። ክርስትና ተጠርተው ሕፃኑን ሳያዩ የቤቱን ውሻ አፍ ከፍተው ጥርሱን ይመረምራሉ። ቀብር ሄደው ሐዘንተኛውን "እግዜር ያጽናህ" ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ውሻህ ግን ወፍሯል" ይላሉ።

ከሁሉ የባሰባት ጎረቤታቸው ቱኦቪ ነበረች። ባሏ አውሊስ ሲሞት ሩስኮ የሚባል ቀይ አዳኝ ውሻ ትቶላታል፤ ጆሮው እንደ ቀበሮ የቆመ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ። አንድ ቀን ሳሙና ይዛ ልታጥበው ስትል ክቡርነታቸው አጥር ዘለው ደረሱ።

"አንቺ ሴትዮ! ይሄ ፍጡር ከላይ ካፖርት ከሥር ሹራብ ነው የለበሰው። ካፖርት በሳሙና ይዘፈዘፋል?"

"ጭቃ ነክቶታላ!"

"ሲደርቅ ይረግፋል። በረዶው ቀልጦ ጸጉሩን ሲጥል አበጥሪው፤ ሌላውን ለራሱ ተዪለት።"

ሲጮህ "ዝም በል!" ካለችው ደግሞ ጸሎት የተቋረጠባቸው ያህል ይቆጣሉ። "ጩኸቱ እኮ ሥራው ነው! ትልቁን የጫካ ዶሮ ዛፍ ላይ ያወጣና ከሥሩ ቆሞ ይጮህበታል። ዶሮው ቁልቁል እሱን ሲታዘብ አዳኙ ድምፁን ተከትሎ ይደርሳል። የማይጮህማ ምንጣፍ ነው።"

የአደን ወራት ሲገባ ቱኦቪ ሩስኮን አዋሰቻቸው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዓመቱም እንዲሁ። ያኔ ደጃፏ ላይ ቆመው ቆባቸውን አወለቁ።

"ሩስኮ ዝም አለ። ጫካ ገብቶ ይጠፋል እንጂ አይጮህም።"

"ግቢ ውስጥ ያደነቁረኝ የለ እንዴ?"

"ግቢና ጫካ አንድ ነው? ልቡ ከአውሊስ ጋር ሄዷል። ለከተማ ሰው ስጪው።"

ውሻ አዋቂው እሳቸው አይደሉ? ቱኦቪ እያለቀሰች ኦሉ ከተማ ለምትኖረው ለእህቷ ልጅ ለማርኬታ ሰጠችው።

በረዶው ሲቀልጥ፣ ኡርፖ ወጥ ቤቷ ተቀምጠው የውሻ ጥፍር አቆራረጥ ሲያስረዷት፣ ምድጃ ውስጥ የረሳችው ዳቦ አረረ። ጣሪያው ላይ ያለው የጢስ ማስጠንቀቂያ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ይጮህ ጀመር። ቱኦቪ ጆሮዋን ይዛ ዘላ ተነሳች። ኡርፖ ስለ ጥፍሩ ቀጠሉ።

"ኡርፖ፣ አሁን ምን ይሰማሃል?"

ከንፈሯን አዩ። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ያሉትን እጆቿን፣ ከዚያ ቀስ ብለው ጣሪያውን። አንቱታውን ከዚህ እናስቀረው፤ እሱም አልፈለገውም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው ማስጠንቀቂያውን አጥፍታ።

"ቀጭንና የሩቅ ድምፅ ከጠፋኝ ቆየ። ፊት ለፊቴ ሲያወሩ ከንፈር አያለሁ።"

"ሩስኮስ?"

ኡርፖ የቆቡን ጠርዝ አሸ። "ሳይጮህ አይቀርም ነበር።"

"ዝም አለ አልከኝ እኮ!"

"መጀመሪያ እውነት መስሎኝ ነው። በኋላማ... የውሻ ጩኸት የማይሰማ ኡርፖ ማን ይባላል፣ ቱኦቪ?"

ከቤቷ አባረረችው። ወዲያው ውሻዬን መልሺልኝ ልትል ለማርኬታ ደወለች።

"ውይ አክስቴ፣" አለች ማርኬታ ገና ስሙን ስትሰማ፣ "እንዴት ያለ ጨዋ ሆነ መሰለሽ! ጎረቤት ሲማረር አሠለጠንነው። አሁን ጭራሽ አይጮህም። ልጆቹማ ያለ እሱ አይተኙም።"

ከስልኩ ወዲያ የልጆች ሳቅ ይሰማል። ቱኦቪ የሩስኮን ድምፅ ጠበቀች። በመጨረሻ፣ "ጥፍሩን መቁረጥ እንዳትረሱ" ብላ ዘጋችው።

ኡርፖ ከዚያ ወዲህ ከቤቱ አልወጣም። መንደሩ "ተገላገልን" አለ፤ አንዱ የውሻው መዳፍ ሲቆስልበት ግን ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ገባው። ቱኦቪም ቁጣዋን ታቅፋ ከረመች፤ ቁጣ ግን እንደ ጎረቤት አያጫውትም። የአደን ወራት ሲመጣ ከሰው አንድ ጎረምሳ አዳኝ ውሻ ተውሳ የኡርፖን በር አንኳኳች። አልሰማም። ገብታ እጅጌውን ይዛ አወጣችው።

ጫካ ሲገቡ ውሻው ከዓይናቸው ተሰወረ። ኡርፖ የሚያየው ዛፎቹን ሳይሆን የእሷን ፊት ነው። ድንገት ከሩቅ ጩኸት መጣ። ቱኦቪ ትከሻውን ይዛ ወደ ድምፁ አዞረችው።

"ጮኸ?"

"ጮኸ።"

"እንዴት አድርጎ?"

ሩስኮን ስንት ዓመት ዝም ልታሰኝበት የታገለችውን ዓይነት ጩኸት አሁን ገና አዳመጠችው። "ፈጠን ፈጠን እያለ። ገና የሚለማመድ ይመስላል።"

"ከሩስኮስ?"

ዋሽታ ልታጽናናው ትችል ነበር።

"የሩስኮ ይበልጥ ነበር" አለችው።

ኡርፖ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ምክርም አልጨመረ። ጠመንጃ አልያዙም ነበር። ውሻው እስኪደክመው ድረስ፣ እሷ እየሰማች፣ እሱ እሷን እያየ፣ እዚያው ቆሙ።