ሳሎኔን በዓይናቸው የለኩ እንግዶች

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ የሽንት ቤታችንን በር ማጠፊያ መቀየር ነበር። እሱ በሩን ደግፎ ያዘ፤ እኔ ሚስማሩን መታሁ። በየክረምቱ ከዲላ ለወንጌል የሚወጡ ወጣቶች ይርጋጨፌ ሲደርሱ እኛ ቤት ነው የሚያድሩት። በሩን ያበጀነው ለእነሱ ብለን ነበር፤ ባለቤቴ በዚያው ሰሞን አረፈ።

እናንተዬ፣ ከወጣቶቹ ቀድመው በበጋ የሚመጡትን አዘጋጆች ታውቋቸዋላችሁ? የሚመጡት ማደሪያ ሊያዩ ነው፤ እንዲህ ብሎ መናገር ግን መንፈሳዊነት የሚያጎድል ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ይጸለያል፣ ቀጥሎ ስለ መንገዱ ይወራል፤ ዓይናቸው ግን ወለሉ ላይ ፍራሽ ያነጥፋል።

ዘንድሮ በጥር ወንድም ታሪኩና እህት ሜሮን መጡ። አንገታቸውን ደፍተው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉኝ። ታሪኩ ሳሎኔን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዓይኑ ለካና በረጅሙ ተነፈሰ። ርስቱን የተነጠቀ ሰው እንኳ እንዲህ አይተነፍስም!

«ስንት ፍራሽ ገባልህ?» አልኩት።

ደነገጠ። «ኧረ እትዬ! ሐዘን ላይ ስለሆኑ ዘንድሮ ሌላ ቤት ልንፈልግ ነው።»

«ሐዘኔ ቦታ ያጣብባል እንዴ?»

ሜሮን ሳቋ አመለጣት። «ይቆጣሉ ብዬው ነበር!»

«ክረምቱን በሙሉ ከባዶ ቤት ጋር ልታፋጥጡኝ? ወጣቶቹ እዚሁ ያድራሉ! በሉ ተነሡ፤ ለቀጣዩ ማረፊያቸው የጎደለውን ቤት አብረን እንፈልግ» ብዬ ነጠላዬን አነሣሁ። ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታ ነበር።

አሁን ለክረምቱ ቡድን ማደሪያ የምፈልገው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ወጣቶቹ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ወደሚያድሩባት ከተማ ወደ ፍስሐ ገነት፣ በሚኒባስ እሄዳለሁ።