ማኖንግ ፖሮንግና የሶሌዳድ ቀሚስ

በየሰፈሩ ቴሌቪዥን የሞተበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። በእሱ ቆጠራ ቴሌቪዥን የሞተው እሱ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ነው፤ ከዚያ ወዲህ እኛ የምናየው ሬሳውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችን የለም የምትሉ ካላችሁ ምናልባት ሰውየው እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።

በእኛ በጊማራስ ደሴት፣ ከኢሎኢሎ ከተማ ባሕር ተሻግረን ባለነው ዘንድ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ማኖንግ ፖሮንግ ናቸው፤ «ማኖንግ» በእኛ ዘንድ «ጋሼ» እንደማለት ነው፣ «ማናንግ» ደግሞ «እትዬ»። ሥራቸው ቆርቆሮ መምታት ነው፤ የደሴቲቱ ግማሽ ጣሪያ በእጃቸው አልፏል። የተጠሩለት ጉዳይ ግን «ሁለቱ የሶሌዳድ እናቶች» የተባለው የሰማንያዎቹ ተከታታይ ድራማ ነው። ሶሌዳድን የወለደቻትና ያሳደገቻት እናት ይጣሉባታል። መቶ አስራ ሁለት ክፍል ሙሉ ይጣሉባታል። ማኖንግ ፖሮንግ ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል።

ወደቡ ላይ ጀልባ እየጠበቁ «ዛሬ ማዕበል ይኖር ይሆን?» ማለት አደጋ አለው። «ማዕበልማ ክፍል አርባ አንድ ላይ ቀረ!» ይላሉ ማኖንግ ፖሮንግ። ከዚያ ነጎድጓዱን በአፋቸው፣ ዝናቡን በጣቶቻቸው ያሰሙናል። ሶሌዳድ «እማማ፣ የቷ ነሽ?» ብላ የጮኸችውን ሲጮኹ ወደቡ ላይ ያሉት ውሾች ይነሳሉ። በዚህ መሃል ጀልባው ሄዶ ተመልሷል። እሳቸውም በስተመጨረሻ «ያኔ ነበር ቲቪ!» ብለው ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ።

በማናንግ ቴክላ ለቅሶ ላይ ያደረጉትን ደግሞ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሴት ልጇ ሬሳ ሣጥኑ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ማኖንግ ፖሮንግ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «መጥፎ አይደለም። ክፍል ዘጠና ላይ ግን የሶሌዳድ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር» አሉ። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ካርታቸውን አስቀመጡ። ልጅቷ ቀና አለችና «እንዴት አድርጎ?» አለቻቸው። አሳዩዋት። ከዚያ በኋላ ለቅሶው አማረ፤ ይህን ማንም አይክድም።

ወንድሜ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን የገዛ ጊዜ ጠራናቸው። ታጥበው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ከዚያም ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ይኼ ደግሞ ድራማ ነው? ጥፊው ደረቅ ነው። የሶሌዳድ እናት ጥፊ እርጥብ ነበር።»

ነገሩ ማሳከክ የጀመረኝ ያን ቀን ነው። ጥፊ እንዴት ይረጥባል? ነገር የሚያሳክከኝ ሰው ስለሆንኩ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን በጆሮዬ እከታተል ጀመር። ድራማቸው ውስጥ በር ሲጢጥ ይላል፣ ፈረስ ያሽካካል፣ ካህን ያስላል። አንድም ሰው ግን ፀጉር የለው፣ አፍንጫ የለው።

«ማኖንግ፣ ሶሌዳድ ስታገባ ምን ዓይነት ቀሚስ ነበር የለበሰችው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የሚንኮሻኮሽ።»

«ቀለሙስ?»

«ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ማንጎሽ አልበሰለም እንዴ? ሂጂ እዪው! የሌሊት ወፍ ይጨርስብሻል።»

ግንቦት ላይ የሰፈራችን ፀሎት ቤት በዓል ሲከበር የድሮ ቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጀ። ሽልማቱ አንድ ጆንያ ሩዝ ነበር፤ ማኖንግ ፖሮንግ ግን ለሩዝ የሚመጡ ሰው አይደሉም፤ የመጡት አርባ ዓመት የለፉበትን ማዕረግ በማይክራፎን ሊያፀድቁ ነው። መድረክ መሪው ጁንሬይ የሚባል አንደበተ ፈጣን ወጣት ነው፣ የማናንግ ፊሎሜና የልጅ ልጅ። ማኖንግ ፖሮንግ ዘጠኙን ጥያቄ እሱ ገና ሳይጨርሰው መለሱት። አሥረኛው ላይ ሸራው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ ወጣ። አንገቷ ረጅም፣ ጉንጯ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት።

«ይህች ማን ናት?»

ማኖንግ ፖሮንግ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ሸራው ቀረብ ብለው ቆዩና ቀስ ብለው «ድምጿን አሰማኝ፣ ቶቶ ልጄ» አሉ።

«ማኖንግ፣ ፎቶ ይናገራል እንዴ?» አለ ጁንሬይ፤ ሜዳው በሳቅ አውካካ። «ሶሌዳድ ናት እኮ! መቶ አስራ ሁለት ክፍል ያዩት የት ሆነው ነው? ማንጎ ዛፍ ላይ?»

እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ በላይ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ማኖንግ ፖሮንግ ወደብ ሲመጡ ጥግ ይዘው ዝም ብለው መቀመጥ ያዙ። ሰውም «አርባ ዓመት ሲዋሹን ኖረዋል ለካ» አለ። ጀልባ የሚያመልጠው ሰው ጠፋ፤ ሁላችንም በሰዓታችን ኢሎኢሎ እንደርስ ጀመር። እንዴት እንዳስጠላኝ!

ሳምንት ሲሆነው አልቻልኩም፤ አንድ ትኩስ ቢቢንካ፣ የሩዝ ኬካችንን ማለት ነው፣ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ የጎበጠ ሚስማር እየመቱ ያቃናሉ።

«ማኖንግ፣ አይተውት አያውቁም አይደል?»

አንድ ሚስማር አቃኑ። «አንድም ቀን» አሉ።

በዚያ ዘመን ሰፈሩ የነበረው አንድ ቴሌቪዥን ነው፤ የማናንግ ፊሎሜና። በመኪና ባትሪ ይሠራል። አመሻሽ ላይ መስኮቱ ላይ ይቀመጥና ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል፤ ሰፈሩም ግቢው ውስጥ ቆሞ ያያል።

«አንቴናውን የተከልኩት እኔ ነኝ» አሉ ማኖንግ ፖሮንግ። «እንደ ቀን ይታያል ብዬ ለሰው ሁሉ ምዬ ነበር። ሞገዱ ኮረብታው ላይ ነጥሮ ነው የሚመጣው ብሎ አንድ መርከበኛ አሳስቶኝ፣ ጀርባውን ለኢሎኢሎ ሰጥቼ በሲሚንቶ ቸከልኩት። በእጄ ስይዘው ስዕሉ ይመጣል፤ ስለቀው ስክሪኑን ጉንዳን ይወረዋል። ምን ልበል? እኔ ጣሪያው ላይ ነፋሱ ደስ ይለኛል አልኩና ያዝኩት።»

«መቶ አስራ ሁለቱንም ክፍል?»

«መቶ አሥሩን። ሁለቱን ታምሜ ወንድሜ ያዘልኝ። እነሱን የሰማሁት ከእሱ ነው፤ ጥፊ ማስመሰል አይችልበትም።»

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ድምፄ ቀጭንና ጉልበተኛ ስለነበር ስዕሉ ሲበላሽ ወደ ጣሪያው የምጮኸው እኔ ነኝ። «አንቴና! ወደ ግራ! እዛው! እንዳትነቃነቅ!» ሁለት እግሮች በጨለመው ሰማይ ላይ ይታዩኝ ነበር። የማን እንደሆኑ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ድራማው ሲያልቅ ባትሪው እንዳይደክም ወዲያው ይጠፋል፤ እኛ በፊት ለፊት እንበተናለን፣ መሰላሉ ደግሞ በጓሮ ነው። አፈርኩ።

«አይቆጭዎትም ታዲያ? የመጨረሻውን ክፍል እንኳ ሳያዩ?»

መዶሻውን አስቀመጡት።

«ማን አላየሁም አለሽ? ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ እኔ አዙራችሁ ነበር እኮ። ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። የመጨረሻው ቀን ዝናብ ነበር፤ አንድ ሰው አልሄደም። እናትሽ የሙዝ ቅጠል ራስሽ ላይ ይዛልሽ እሷ ትበሰብሳለች። ሁለቱ እናቶች ሲታረቁ ቅጠሉን ጣለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እንደዛ ስትስቅና ስታለቅስ አንድ ላይ አይቼ አላውቅም። አንቺ ደግሞ ዝናቡ ወረደብሽና ‹ቅጠሌስ!› ብለሽ ሰፈሩን አደበላለቅሽው።»

እናቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያሉኝ ፎቶዎች ሁሉ ተዘጋጅታ የተነሳቻቸው ናቸው። ያን ፊቷን ያየ አንድ ሰው ቀርቷል፤ እሱም ይኸው ሚስማር ያቃናል። አለቀስኩ። ማኖንግ ፖሮንግ ቢቢንካውን ወደ እኔ ገፉልኝ፤ ያመጣሁላቸውን እያነባሁ እኔው በላሁት።

ሰኞ ጠዋት ወደቡ ሙሉ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ በዚያ በሰባት ዓመቴ ድምፅ «ማኖንግ ፖሮንግ! ጣሪያው ላይ አንቴናውን ይዘው እናቴ በመጨረሻው ክፍል ምን ስትሆን አዩ?» ብዬ ጮኽኩ።

መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩኝ። ከዚያ ተረኩልን። ዓሣ ሻጯ ስለ ባሏ ጠየቀች፤ ክፍል ሰባ ላይ ከዝናብ የተጠለለ መስሎ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ገብቶ ያለቅስ እንደነበር ነገሯት። ሴትየዋ የዓሣ ቅርጫቷ ላይ ተቀመጠች።

ጀልባው መጣ። ጁንሬይ ቦርሳውን ይዞ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ መልሶ አወረደው።

«ማኖንግ... አያቴ ፊሎሜናስ?»

ማኖንግ ፖሮንግ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ድረስ ጊዜ ወስደው አዩት። አሁን ማንጎ ዛፏን ሊያነሱበት ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ያኔ ነበር ቲቪ፣ ቶቶ» አሉ። «ቁጭ በል።»

ጀልባው ባዶውን ሄደ።