በሽተኛ የምታቀዘቅዝ ፀሐይ

በታመመ ሰው የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ሮቢት ብቅ በሉና እኔን እዩኝ።

የባለቤቴ ወንድም ይማም ወባ ይዞት ዋጃ ጤና ጣቢያ ተኛ ሲሉኝ፣ እርጎ ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ሶላር ተተክሏል። ለክትባቱ ፍሪጅ ነው ቢሉኝ ምንም አልል። ግን ይማም ራስጌም ማራገቢያ ይዞራል። እኔን መንገድ ሙሉ ስትጠብሰኝ የመጣችው ፀሐይ እሱን ታራግበዋለች። ይኼ ፍርድ ነው?

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ትኩሳቱ ለቆኛል። ብቻ ነፋሱ በረደኝ፤ ብርድ ልብስ ደርብልኝ።»

በግንቦት፣ በራያ ቆላ፣ ጥርሴን ነክሼ ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ጠያቂው ሁሉ ነፋሱ በሚደርስበት ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ «አላህ ያሽርህ» ብሎ የሚነሳ የለም። ነርሷ ገብታ «ድኗል፣ ነገ ይወጣል» ስትል ጠያቂው ሁሉ መርዶ እንደሰማ አንገቱን ደፋ። እኔ ብቻ ደስ አለኝ። ነገ እንደኛው ሊያልበው ነው።

ነርሷ ፊቴን አየችና «እርስዎንም ያምዎታል እንዴ?» አለችኝ። ቴርሞሜትሩን ብብቴ ስር አድርጌ፣ ከይማም ጎን ያለችውን ባዶ አልጋ እያየሁ በልቤ ዱዓ አደረግሁ።

«ጤነኛ ነዎት፣ ይሂዱ» አለችኝ።

ጤናዬን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።